ባዶ የተባሉት ፎልደሮች

አሮጌው ኮምፒውተር ሰኞ ጠዋት ሲከፈት አቃሰተ፤ ማክሰኞ አቃስቶ ጠፋ፤ ረቡዕ ሦስት ጊዜ ተለምኖ ተነሣ። መዝጋቢዋ ነገሩ ገባት። "ይሄ ሰውዬ ዓርብን አያይም" አለች። ያለችው ለራሷ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ሕመም የሚገባው ሌላ ሰው አልነበረምና።

ቦታው ልዩ ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነው። አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረበት፣ ተረከዙ የዞረበት፣ በአደጋ ጣቶቹን ያጣ፣ በጠቅላላው የሱቅ ጫማ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ የሚመጣው ወደዚህ ነው። የሚሠሩበት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባለቤቱና ዋናው ጫማ ሠሪ የመዝጋቢዋ አጎት ሲሆኑ፣ ከአንዲት ሚሊ ሜትር ስሕተት ጋር እንኳ አንድ ጣራ ሥር ማደር ስለማይሆንላቸው ሰው ሁሉ "ጋሽ ልኩ" ይላቸዋል። ሰፊው በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ አወራ ስለሚባል "ዝምታው" ነው። ሦስተኛዋ መዝጋቢዋ ናት። የደንበኛውን እግር ከአራት ወገን ፎቶ ታነሣለች፣ አጎቷ እየለኩ የሚጠሩትን ቁጥር ትጽፋለች፣ በእርሳስ የሚሥሉትን የእግር ቅርጽ በስካነር ታስገባለች፤ ከዚያ ሁሉንም በደንበኛው ፎልደር ውስጥ ትከታለች። የዘጠኝ ዓመት እግር ነው የተጠራቀመው።

አዲሱ ኮምፒውተር ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። መዝጋቢዋ መጀመሪያ ፎልደሮቹን በማውስ እየጎተተች ልትገለብጥ ሞከረች። ሦስት መቶኛው ላይ ሲደርስ አንድ ፋይል "ስሜ በጣም ረዥም ነው" ብሎ አኮረፈ፤ እሱ ሲያኮርፍ ሌላውም አብሮ ቆመ። ስሙን አሳጥራ እንደገና ጀመረች። አሁን ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር ደክሞት ጭልም አለ፤ ሲነሣ የቱ እንደሄደ የቱ እንደቀረ የሚነግራት ጠፋ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እንዲህ ሲያሾፍባት ዋለ።

"እሺ፣ እንተያያለን" አለችና ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። ሥዕል የለበት፣ ቁልፍ የለበት፣ የሚጽፉበትን ብቻ የሚሰማ መስኮት ነው። እዚያ የሚሠራ አምስት መስመር ስክሪፕት ጻፈች። ከዚህ ውሰድ፣ እዚያ አኑር። እያንዳንዱን ፎልደር ከነልጆቹና ከነልጅ ልጆቹ ይዘህ ና። አንድ ፋይል ቢያስቸግርህ ሁለቴ ሞክረው፣ እምቢ ካለ እለፈው። ብትቋረጥ ካቆምክበት ቀጥል። ያደረግከውን ሁሉ ጽፈህ አሳየኝ። ከዚያ የመጨረሻዋ ፊደል ቀረች። አንደኛዋ ፊደል ከተጻፈች ባዶ ፎልደሮችም አብረው ይመጣሉ፤ ሌላኛዋ ከተጻፈች ባዶ ባዶው ይቀራል።

መዝጋቢዋ ባዶዎቹን ለማየት ወረድ አለች። "ቀይ ኮፍያ" የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ ምንም የለም። "ሳቂታዋ"፤ ምንም። "ጃንጥላ"፤ ምንም። "የጥርስ ሐኪሙ ባለቤት"፤ እሱም ባዶ። ሳቋ መጣ። ጋሽ ልኩ በኮምፒውተር ላይ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዲስ ፎልደር መክፈትና ስም መጻፍ። ከዓመት በፊት ያስተማረቻቸው ራሷ ናት፤ ያን ጊዜ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸው፣ ሲሳካላቸው ጎረቤት ድረስ ሄደው አውርተውታል። ማታ ሥራ ሲያልቅ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በአንድ ጣት ሲጫኑ ታያቸዋለች። "ሲለማመዱ የከፈቷቸው ናቸው" አለች። ቤት የሚቀይር ሰው ባዶ ካርቶን ተሸክሞ አይሄድም ብላ፣ ባዶውን የምታስቀረውን ፊደል ጻፈች።

ስክሪፕቱ ተነሣ። ጽሑፉ በጥቁሩ መስኮት ላይ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። ጋሽ ልኩ የቆዳ መቁረጫ ቢላቸውን እንደያዙ መጥተው በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየገለበጥኩ ነው፣ ጋሼ።"

"እጅሽን አጣጥፈሽ?"

"የሚገለብጠው እሱ ነው። እኔ አዘዝኩት።"

"ታዲያ ካዘዝሽው ለምን ታፈጥጪበታለሽ?"

"እንዳያጭበረብረኝ ነዋ!"

"ዝምታው ላይም እንደዚህ አፍጥጬበት ቢሆን ኖሮ ስንት ጫማ በወጣ" ብለው እየሳቁ ሄዱ። ዝምታው ከማሽኑ ቀና ብሎ አየና መልሶ አቀረቀረ።

አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። መዝጋቢዋ ጥንቁቅ ናትና ለአዲሱ ኮምፒውተር ብቻ አላለችም፤ ያንኑ ስክሪፕት ወደ ተነቃይ ዲስክም አስኬደችው። የፋይሎቹን ብዛት ከአሮጌው ጋር አስተያየች፤ አንድም አልጎደለም። ክብደታቸውን አስተያየች፤ ልክ ነው። ደስታዋ ልክ አጣ፤ ወንበሯ ላይ ሁለት ዙር ዞረች። ከዚያ የቤቱን ደንብ ፈጸመች። ጋሽ ልኩ "የሰው እግር የሰው ምስጢር ነው" ባይ ስለሆኑ፣ ከእነሱ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ተቀዶ ነው የሚጣለው። አሮጌውን ዲስክ ከኮምፒውተሩ ሆድ አወጣችና ለዝምታው ሰጠችው። ዝምታው ብረቱ ላይ አስተኝቶ በጫማ መዶሻው አደቀቀው። በዚያ ቀን ከሁሉም በላይ የተደሰተው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትኬት ቆራጯ በሩን በርግዳ ገባች። አውቶቡስ ላይ ስትቆም ስትቀመጥ የምትውል፣ ከኋላ ወንበር ተሳፋሪ ጋር ከፊት በር ሆና የምትጨቃጨቅ ሴት ናት።

"ደረሰልኝ አይደል? ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ጫማ እንደ ዳክዬ ስሄድ!"

"ደርሶልሻል፣ ዛሬ የአንቺ ቀን ነው። ግቢና ተቀመጪ" አሉ ጋሽ ልኩ። ወደ መዝጋቢዋ ዞር አሉና፣ "በይ ፎልደሯን ክፈቺና እንጀምር።"

"በማን ስም?"

ጋሽ ልኩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "ጥሩምባ" አሉ በሹክሹክታ።

መዝጋቢዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ምንም አላገኘም። አንድ ፊደል ቀይራ ጻፈች፤ የለም።

"እንዴት የለም? እኔ ራሴ ነኝ የከፈትኩት" አሉ። "ከ'ቀይ ኮፍያ' በላይ ነው ያለው፤ እዪው እስቲ።"

"ቀይ ኮፍያ" ሲሉ መዝጋቢዋ ክው አለች። "ጋሼ፣ እነዚያ... ልምምድ አልነበሩም እንዴ?"

"የምን ልምምድ? ተራ ነው እንጂ!" መነጽራቸውን አወለቁ። "ደብተርዎን ይጣሉ፣ ኮምፒውተር አይረሳም ብለሽ ያስጣልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ከዚያ ወዲህ ተራ የሚይዝ ሰው ሲመጣ አንድ ፎልደር እከፍታለሁ። እግር በየወሩ ይለዋወጣል፣ አስቀድሜ አልለካም። ተራው ሲደርስ ዋዜማውን ማታ ስሙን አስተካክዬ አቆይልሻለሁ፣ አንቺ ትሞዪዋለሽ፤ ትናንት ግን ማሽኑ በአንቺ ሥራ ተይዞ ነበር። ባዶ ከሆነ፣ ሰውየው ገና እየጠበቀ ነው ማለት ነው።"

"ታዲያ ስማቸውን ለምን አይጽፉም?"

"ስክሪኑ ከአግዳሚው ይታያላ! የማንም ስም እዚያ ተንጠልጥሎ፣ ለካ እሱም እግሩ ችግር አለበት እንዲባል አልፈልግም።"

መዝጋቢዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስክሪፕቱ የጻፈውን ዝርዝር ከፈተች። ከአሥር ሺህ መስመር በላይ ነው፤ ያመጣውን ሁሉ አንድ ባንድ ቆጥሮ ጽፏል፣ ስለተወው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተነቃዩን ዲስክ አየች፤ እዚያም የለም። ሁለቴ ተጠንቅቃ ሁለቴ ነው ያጠፋችው። ዝምታው መዶሻውን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሣና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"ትዝ ይሉዎታል?" አለች።

"ፊታቸውን ካየሁ አዎ። ስንተኛ እንደሆኑ ግን..." ጋሽ ልኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከጭንቅላቴ አውጥቼ ለእሱ ሰጠሁታ። ሃያም ይሆናሉ፣ ሃያ አምስትም።"

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኩሽም" አሉ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። ዓመት ሙሉ ያን ስክሪን ስታየው ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ "ይሄ ምንድነው?" ብላ አልጠየቀችም። አጎቷን እንደ ጀማሪ ነው የቆጠረቻቸው። የሚያሳፍራትም ይኸው ነበር።

ጋሽ ልኩ ተነሥተው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። "የዛሬዋን እናውቃታለን፣ ራሴ ነኝ የቀጠርኳት። የእሷ ጫማ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን አዲስ ጫማ አልጀምርም። ስድስት ወር የጠበቀን ሰው አስቀምጬ፣ ትናንት የመጣውን ቀድሜ ብሠራ በምን ፊቴ አየዋለሁ?"

ጋሽ ልኩ ደግሞ ያሉትን ጨክነው የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሥራው ከቆመ ዝምታውም ደመወዝ የለውም፣ ሃያ ምናምን ሰውም ባለበት እያነከሰ ይቀራል። መዝጋቢዋ ይህን ሁሉ ባንዴ አሰበችና ዕንባዋ መጣ።

ትኬት ቆራጯ እስካሁን አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ስታይ ቆይታለች። "ቆይ፣ ቆይ" አለች። "መጀመሪያ፣ ጥሩምባ እኔ ነኝ?"

ጋሽ ልኩ አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ማስተካከል ያዙ።

"በኋላ እንነጋገራለን። ሁለተኛ፣ እኔ ተራ የያዝኩ ቀን እኚህ ሰውዬ 'ከባለ ዱላው ቀጥሎ ነሽ' ብለውኝ ነበር። ባለ ዱላው ባለፈው ሳምንት ጫማውን ወሰደ፣ አውቶቡሴ ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ለሌላውስ ሰው እንዲህ ይነግሩታል?"

"ለሁሉም ነዋ" አሉ ጋሽ ልኩ። "ሰው ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ካላወቀ ምኑን ጠበቀው?"

መዝጋቢዋ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው ያውቃል። ሁሉም አንድ ላይ ከተሰበሰቡ ሰልፉ ራሱ ተመልሶ ይቆማል። "ግን የማንንም ስልክ አላውቅም፣ ጋሼስ?"

"እኔም።"

"እሱን ለኔ ተዉት" አለች ትኬት ቆራጯ ጫማዋን እያወለቀች። "በቀን ስንት መቶ እግር ነው ደረጃዬን የሚወጣው መሰላችሁ? የሚያነክሰውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ለሌሎቹ አውቶቡሶችም እነግራለሁ። አሁን ለኩኝ።"

ዘጠኙ ቀን እንዲህ አለፈ። በር ላይ "ተራ የያዛችሁ በሙሉ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እንድትገኙ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ትኬት ቆራጯ በየፌርማታው ያንኑ በአፏ ስትለጥፍ ሰነበተች፤ እግሩ ደህና የሆነ ሰው ሁሉ ሳይቀር "አንተም ተራ ይዘሃል?" ተብሎ ተጠየቀ። መዝጋቢዋ ስክሪፕቷን ከፍታ ያችን ፊደል ቀየረቻት፤ ከመቀየሯ በፊት ግን ለረዥም ጊዜ ቁጭ ብላ አየቻት። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ሰው ታንከራትታለች ብሎ ማን ያስባል?

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። ሃያ ሁለት ሰው መጣ። መዝጋቢዋ ጠረጴዛዋን በር ላይ አውጥታ ተቀመጠች፤ ጋሽ ልኩ አጠገቧ ቆሙ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰውየው ሲቀርብ ጋሽ ልኩ ፊቱን አይተው ያወጡለትን ስም በጆሮዋ ይነግሯታል፤ ሰውየው ደግሞ ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ይናገራል። ሹክሹክታው ግን አምስተኛው ሰው ላይ አበቃለት፤ አዲሱን ጫማዋን ልትወስድ የመጣችው ትኬት ቆራጯ ከጎን ቆማ የሰማችውን ሁሉ እያስተጋባች አስቸገረች።

"ከጃንጥላ ቀጥሎ! ጃንጥላ የታለህ?"

ጋሽ ልኩ አፍረው ወደ አንድ ረዥም ሰውዬ ጠቆሙ።

"እኔ?" አለ ሰውየው። "እኔ እኮ ጃንጥላ የለኝም!"

"ያለኝን ወስደህብኝ ነዋ!" አሉ ጋሽ ልኩ። "ተራ የያዝክ ዕለት ዝናብ ነበር፤ ነገ እመልሳለሁ ብለህ እንደወጣህ ቀረህ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። "ሳቂታዋ" ፊቷን ቋጥራ የቆመች ሴት ሆና ስትገኝ ደግሞ ሰው ሁሉ ግራ ገባው። "በሩ ላይ ተደናቅፋ ወድቃ ስትነሣ ስቃለች" አሉ ጋሽ ልኩ ለመከላከል ያህል። "ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ ወድቆ የሳቀ እሷን ብቻ ነው ያየሁት።" ሴትየዋም ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

በአራት ሰዓት ሰልፉ ቅርጽ ያዘ። ቀይ ኮፍያ አንደኛ ቆመ፤ ከእሱ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ባለቤት፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ጃንጥላም ተከተለ፤ ስምንተኛዋ ሳቂታዋ ሆነች። እዚያ ላይ ተቆረጠ። "እኔ ከሳቂታዋ ቀጥሎ ነኝ" የሚል ሰው ጠፋ። አሥራ አራቱ ሰዎች ግን ከወዲያ በኩል ተራቸውን ይዘው በሥርዓት ቆመዋል፤ ከፊታቸው ያለው አንድ ዓይን አፋር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጋሽ ልኩ "መሰላሉ" ብለውታል።

"እርስዎስ ከማን ቀጥሎ ነዎት?" አለችው መዝጋቢዋ።

"ከካርቶኗ።"

መዝጋቢዋ ደስ አላት። የጎደለችው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ በሳቂታዋና በመሰላሉ መካከል። እሷ ከተገኘች ሁሉም ተገጣጠመ። ትኬት ቆራጯ ጉሮሮዋን ጠረገችና "ካርቶኗ! ካርቶኗ የታለሽ?" ብላ እስከ መንገድ ማዶ ተጣራች። መልስ የለም።

"አልመጣችም" አለች መዝጋቢዋ። "ጋሼ፣ ማን ናት? ስልኳን ካወቁ ልደውልላት።"

ጋሽ ልኩ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ የሜትራቸውን ጫፍ አዩ። "ስልክ አላት" አሉ።

"ቁጥሯስ?"

"የሰው እግር የሰው ምስጢር ነው። ራሷ ካልተናገረች እኔ አልናገርም።"

"ኧረ ጋሼ፣ በናትዎ! ሃያ ሁለት ሰው ቆሞ..."

ዓይኗ ወደ ገዛ ቀኝ ጫማዋ ወረደ። አጎቷ ሊነግሯት ያልፈለጉት ለምን እንደሆነ ሲገባት ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከደረጃ ወድቃ ነበር፤ አጥንቱ ሲጠገን የቀኝ እግሯ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አጠረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቀኝ ጫማዋ ውስጥ፣ ከሶሉ ሥር፣ የታጠፈ ካርቶን አለ። በየሁለት ሳምንቱ መጸዳጃ ቤት በር ቆልፋ ትቀይረዋለች። ማታ ማታ ወገቧን ያማታል፤ ማንም ሲጠይቃት ወንበሩን ትከሳለች። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ፍጡር የለም ብላ ታምን ነበር፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ከእግር ሌላ ነገር የማያዩ ሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጣ! "ካርቶኗ" የሚለውን ፎልደር ያን ረቡዕ አይታው ነበር። የጫማ ማሸጊያ መስሏት ነው ያለፈችው። በገዛ እጇ የራሷንም ተራ ደምስሳለች።

"መቼ ነው የከፈቱልኝ?" አለች ቀስ ብላ።

"አራት ወር ሆነው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ ጋሽ ልኩ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "ዘመዴ ነሽ ብዬ ከሰው ባስቀድምሽ እሺ አትዪኝም። አስቀድሜ ባወራሽም 'ሌላው ይቅደም' ትያለሽ። ስለዚህ እንደ ማንም ሰው ተራ ያዝኩልሽ። ሲደርስ ልጠራሽ ነበር።"

መዝጋቢዋ በትክክል "ሌላው ይቅደም" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። መሰላሉ ቀደማት። ሰውየው ብዙ አይናገርም፣ ሲናገርም ወደ መሬት እያየ ነው።

"እመቤቴ፣ እኔ አራት ወር ሙሉ ከካርቶኗ ቀጥሎ ነኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት" አለ። "አሁን እርስዎ ካልቆሙ፣ እኔስ ከማን ቀጥዬ ልቁም?"

ከኋላው ያሉት አሥራ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው አይዋት። ዝምታው በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ቁሚ እንጂ" አለ፤ ለዚያ ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። መዝጋቢዋ ሳቅም ዕንባም ባንዴ መጣባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሣች። ስምንቱ ሰዎች ወደቆሙበት ተራመደች፤ ሰው ሁሉ እግሯን እያየ መሆኑን ታውቃለች፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አረማመዷን አላሳመረችም። እንዳነከሰች ሄደች።

ሳቂታዋ ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስገባቻት። መሰላሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቦታ ሰጣት፣ ከኋላው ያሉትም እንደዚያው አደረጉ፤ የመጨረሻው ሰውዬ መንገድ ላይ ወጣ።

"ትንሽ ወደፊት ጠጋ ይበሉልኝ" አላት መሰላሉ።

ጠጋች።